ተራ ቁጥር ሠላሳ አንድ፣ የጠረጴዛ ልብስ

በእኛ ሰፈር ከሰው ይልቅ ዕቃ ይለብስ ነበር። ሬዲዮው ልብስ ነበረው። ቴሌቪዥኑ ልብስ ነበረው፤ ያውም የክትና የአዘቦት። የቡፌው አናት፣ የሶፋው ትከሻ፣ የቴርሞሱ ክዳን ሳይቀር የየራሱ ዳንቴል ነበረው። ስልክ የገባለት ቤት ከሆነማ ስልኩ እንደ ሙሽራ ተሸፋፍኖ ነው የሚውለው፤ ሲጮህ መጀመሪያ ልብሱን ታወልቁለታላችሁ፣ ከዚያ «ሃሎ» ትላላችሁ። እኔ ያደግሁት አብነት ሰፈር፣ መርካቶ አጠገብ ነው። የሹራቤ እጅጌ አጥሮ ክርኔ ላይ ሲደርስ እናቴ «ለከርሞ እናያለን» ትለኝና ለፍሪጁ አዲስ ዳንቴል ታለብሰው ነበር። ፍሪጁ ደግሞ አይሠራም፤ የውል ወረቀትና የጫማ ቀለም ነበር የምናስቀምጥበት። እናንተም ቤት እንዲሁ ነበር፤ አትደብቁኝ።

ታዲያ ዳንቴል ሲያይ የእኛ ሰው እጁ ወዴት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ። ወደ ጠረጴዛ ነው። ወደ ግድግዳ አይሄድም። ግድግዳ የፎቶ፣ የካላንደርና ከሠርግ የተረፈ ሰዓት ቦታ ነው። ይህን አስቀድሜ የማወራችሁ ለጥፋቴ ምክንያት ልደረድር ብዬ ነው። ሰው ሲያጠፋ ዘር ማንዘሩን ምስክር ይጠራል፤ እኔም ከእናቴ ፍሪጅ ጀመርኩ።

መርካቶ ጥግ ላይ ባለች አንዲት የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሃያ ምናምን ዓመት ሠርቻለሁ። ስሟን አልጠራም፤ ገና እዚያ የማስጨርሰው ወረቀት አለኝ። ዘመኑ የግምገማና የመመሪያ ዘመን ነበር፤ ከላይ አንድ ነገር ከታሰበ ከታች ለስብሰባ የሚቀመጥ ሰው አይታጣም። አንድ ቀን «ቤተ መጻሕፍቱ የኅብረተሰቡን የሥነ ጥበብ ሥራዎች ያሳይ» የሚል ደብዳቤ መጣ። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ሐሳቡ ጥሩ ነበር። የተሰበሩ ወንበሮች ይከመሩበት የነበረውን ክፍል አስጠረግን፣ ቀለም አስቀባን፣ በሩ ላይ «ጋለሪ» ብለን ጻፍን። ወንበሮቹ ግቢ ወጥተው ዝናብ ይመታቸው ጀመር፤ የንብረት ክፍሉ ሰው ግን ሰኔ በመጣ ቁጥር ዝናቡ ውስጥ ቆሞ አንድ በአንድ መቁጠሩን አልተወም። ይህቺን የንብረት ቆጠራ ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

የመጀመሪያው ዓመት ዐውደ ርዕይ ጉድ ነበር። አንድ የብርድ ልብስ ነጋዴ የጀንበር መጥለቂያ ሥዕል ፊት ቆሙና ቀለሙ ይለቅ እንደሆነ ለማረጋገጥ ጀንበሯን በጥፍራቸው ፋቅ ፋቅ አደረጓት። ሌላው ሸራውን አሸተቱ። ሦስተኛው የአንዲት ሴት ምስል ረዘም ላለ ጊዜ ሲያዩ ቆይተው ወደ ሰዓሊው ዞር አሉና በትሕትና «የደርዘኑስ እንዴት ነው?» ብለው ጠየቁ። ሰዓሊው ያን ቀን ምሳ አልበላም። እናንተ ግን እንዳትፈርዱባቸው። መርካቶ ውስጥ በዓይኑ ብቻ የሚገዛ ሰው ወይ ሞኝ ነው ወይ እንግዳ። ጨርቅ ይታሻል፣ ቆርቆሮ ይንኳኳል፣ ሰሃን በጥፍር ተመትቶ ድምፁ ይሰማል፣ በርበሬ በምላስ ጫፍ ይቀመሳል። ያልነኩትን ነገር አዩት አይባልም።

የዐውደ ርዕዩ ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ግዛው ግን ይህን አልወደዱትም። አቶ ግዛው ከአንድ ጽሕፈት ቤት የተመደቡልን፣ ሸሚዛቸው የማይጨማደድ፣ ድምፃቸው ከፍ የማይል፣ እምቢ ሲሉ እንኳ የፈቀዱ የሚመስሉ ሰው ነበሩ። በሁለተኛው ዓመት ዘበኛችንን ጋሼ በየነን ጠርተው በሁላችንም ፊት ትእዛዝ ሰጡ። ቁጥር የተለጠፈበትን ማናቸውንም ነገር ማንም ሰው እንዳይነካ፤ ማንም ይሁን ማን። ጋሼ በየነ የቀድሞ ወታደር ናቸው። ማንም ከተባሉ ማንም ነው።

እትዬ ሸምሲያ የመጡት በዚሁ በሁለተኛው ዓመት ነው። ከስልጤ አገር በልጅነታቸው መርካቶ ገብተው ክርና መርፌ፣ ቁልፍና ዚፕ ሲሸጡ ያረጁ ሴት ናቸው። እናቴ ክር ስትልከኝ እሳቸው ዘንድ ነበር የምሄደው። የዳንቴል መሥሪያዋ ኪሮሽ ከእጃቸው ተለይታ አታውቅም፤ ገዢ ሲመጣ ሻሻቸው ውስጥ ይሰኳታል፣ ገዢው ሲሄድ መልሰው ይመዟታል። ሱቃቸው የነበረው አሥራ ዘጠኝ በር ባለው የቆርቆሮ ተራ ውስጥ ነው። «የነበረው» ያልኩት ተራው ስለፈረሰ ነው። መሬቱ ለልማት ተፈልጓል፣ ፎቅ ይሠራበታል ተባለ። ፈረሰ፣ ታጠረ፣ ከዚያ ዝም። ይህ የማወራችሁ ነገር በሆነ ጊዜ ሰባት ዓመት ሆኖት ነበር፤ ከአጥሩ ኋላ እስከዚያ ድረስ የበቀለው ጉሎ ብቻ ነበር። ባለ ሱቆቹ በየአቅጣጫው ተበተኑ። እትዬ ሸምሲያ የሌላ ሰው ፎቅ ደረጃ ሥር አንዲት ጠባብ ቦታ ለምነው ክራቸውን ዘርግተው ተቀመጡ።

ያን ዕለት ጥቁር ፌስታል ይዘው መጡ። ሰዓቱ ተማሪ የሚግተለተልበት ነበር፤ ግማሹ መታወቂያ ይሰጠኛል፣ ግማሹ መታወቂያውን ይጠይቀኛል፣ አንዱ የማትሪክ ጥያቄ ወረቀት አምጪ ብሎ ይነዘንዘኛል።

«ለምታሳዩት ነገር ነው ያመጣሁት፤ ትሰቅዪልኛለሽ አይደል ልጄ?» አሉኝ።

ችግር የለም እትዬ፣ አልኩ። የፌስታሉን አፍ ገለጥ አደረግሁና ነጭ ዳንቴል አየሁ። ለዐውደ ርዕዩ ብሎ ልዩ መዝገብ የገዛልን ሰው ስላልነበረ የመጣውን ሁሉ የምንመዘግበው በዚያው በንብረት መረከቢያው መዝገብ ላይ ነበር። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ ተራ ቁጥር ሠላሳ አንድ፣ የጠረጴዛ ልብስ፣ ዳንቴል፣ ብዛት አንድ። መነጽራቸውን አልያዙም ነበርና አምነውኝ ፈረሙ። «ትሰቅዪልኛለሽ» ያሉትን ቃል ጆሮዬ ሰምቶታል፤ እጄ ግን ከእናቴ የወረሰውን ነው የጻፈው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? የእኔም አፈሳ ይኸው ነበር።

በመክፈቻው ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ግድግዳው ሁሉ ሞላ። የመሐሉን፣ የክብሩን ቦታ የያዘው ግን ሥዕል አልነበረም። በዚያ በታጠረው መሬት ላይ ይሠራል የተባለው ፎቅ በኮምፒዩተር የተሠራ ምስሉ ነበር፤ በወርቃማ ፍሬም። አቶ ግዛው በስልክ ትእዛዝ መጣ ብለው በገዛ እጃቸው ነው የሰቀሉት። መስታወቱ ያብለጨልጫል፤ ደጁ ላይ ዛፍ ተተክሏል፤ ፊት ለፊቱ በመርካቶ ታሪክ ታይቶ የማይታወቅ ባዶ አስፋልት ተዘርግቶ አንዲት ነጭ መኪና ብቻዋን ቆማበታለች። አንድ ተሸካሚ የለም። አንድ ጋሪ የለም። «ዞር በል!» የሚል ሰው የሌለበት መርካቶ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

አቶ ግዛው በማግስቱ የሚከፍቱልን የክብር እንግዳ የሚቀመጡበትን ጠረጴዛ ከዚህ ምስል ፊት አስቀመጡና ደህና ልብስ ፈልጊለት አሉኝ። ደህና ልብስ! ሠላሳ አንድ ቁጥር ትዝ አለኝና ደስ እያለኝ ሮጥኩ። ሳነጥፈው ከዳር እስከ ዳር ልክክ አለ። ሦስት ጠርሙስ ውኃ፣ አንድ የላስቲክ አበባና ማይክሮፎኑን ደረደርኩበት። ሥራው ምን እንደሚመስል አላየሁም። ዳንቴልን ማን ያያል? የሚታየው ዳንቴል ላይ የተቀመጠው ዕቃ ነው። ራቅ ብዬ ቆሜ አየሁትና እናቴ ብታየኝ ብዬ በራሴ ኮራሁ።

በማግስቱ እንግዳው ሊመጣ ሁለት ሰዓት ያህል ሲቀረው እትዬ ሸምሲያ ከች አሉ። ብቻቸውን አልነበሩም። ሁለት የድሮ ጎረቤቶቻቸውን አስከትለዋል፦ ከጎጃም መጥተው ዕድሜ ልካቸውን ቅቤ የሸጡትን እትዬ የሺንና የጫማ ሶል ነጋዴውን ጋሼ ነስሩን። ሦስቱም ሠርግ እንደተጠራ ሰው ለብሰዋል። ግድግዳውን ዞሩ። ደግመው ዞሩ። ሦስተኛው ዙር ላይ እትዬ የሺ ወደ ጠረጴዛው ዞር አሉና ቀስ ብለው «ሸምስዬ፣ ይኸው እዚህ ተኝቷል» አሉ።

እትዬ ሸምሲያ አልጮኹም። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር። ወደ ጠረጴዛው ተጠግተው አንዱን የውኃ ጠርሙስ አነሡና ከሥሩ ያለውን በጣታቸው አሳዩኝ።

«ይህ የየሺ በር ነው» አሉኝ።

ያኔ ነው ያየሁት። በነጭ ክር የተሠራ የሱቅ በር ነው። የቆርቆሮው ሸንተረር አንድ በአንድ ተቆጥሮ ወጥቷል፤ ከላዩ ሚዛን ተንጠልጥሏል። ጠርሙሱ የቆመው ልክ በእትዬ የሺ ደጃፍ ላይ ነበር። ከጎኑ ሌላ በር አለ፤ ግማሽ ክንፉ ተከፍቶ ደፉ ላይ ድመት ተኝታለች። ቀጥሎ የጋሼ ነስሩ፤ ሰው ስለማያምኑ ጓጉንቸሩ ከበሩ ሊበልጥ ምንም አልቀረውም። እንዲህ እያለ አሥራ ዘጠኝ በር፣ ከላይ የጣሪያው አሸንዳ፣ ከታች የመንገዱ ድንጋይ። በመጨረሻው በር ላይ ከአውራ ጣት የማትበልጥ ሴት ተቀምጣለች፤ እጇ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ነገር ይዛለች። የላስቲኩ አበባ ያረፈው እሷ ላይ ነበር።

ተራው በፈረሰ በሳምንቱ ነው የጀመርኩት አሉኝ። መጀመሪያ የማን በር ከማን ቀጥሎ እንደነበር እንዳይጠፋቸው ብለው ነበር፤ ኋላ እየዋለ ሲያድር ሌላ ሰው ሲጠይቃቸው የሚያሳዩት ነገር እንዲኖር ብለው ቀጠሉ። ሰባት ዓመት ፈጀ። ሰባቱንም ዓመት በሰው ደረጃ ሥር፣ ገዢ በመጣ ቁጥር እያቋረጡ ነው የሠሩት። ዕንባዬ መጣ፤ አልዋሻችሁም። ከዕንባው ቀድሞ ግን ንዴት መጣ፣ ያውም በገዛ እጄ ላይ።

ወደ አቶ ግዛው ሮጥኩ። የጠረጴዛ ልብስ አይደለም፣ የሚሰቀል ሥራ ነው፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ አልኳቸው። ፈገግ አሉና መዝገቡን አምጪው አሉኝ።

«እዚህ ላይ ምን ይላል?»

«የጠረጴዛ ልብስ።»

«ማን ነው የጻፈው?»

«እኔ።»

«ታዲያ» አሉና መዝገቡን ዘጉት።

ቀጥለውም ፍሬም የሌለው ነገር እንዳይሰቀል መመሪያ መኖሩን አስታወሱኝ። ሥራው የምን ተራ እንደሆነ ስነግራቸው ደግሞ ድምፃቸውን ይበልጥ ዝቅ አደረጉ። ያ የተዘጋ ጉዳይ ነው፣ ኪራይ ሰብሳቢዎች እንዳይጠቀሙበት እንጠንቀቅ አሉ። አንዲት ክር ሻጭ በኪሮሽ የምትሰበስበው ኪራይ ምን ዓይነት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ለነገሩ እንዲያውም የክብር ቦታ ነው የሰጠናቸው፣ የክብር እንግዳው ክንዳቸውን የሚያሳርፉበት አይደል ወይ ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይላል የአገራችን ሰው። እኚህ ሰውዬና የላኳቸው አጥሩን አጥረው፣ ባለቤቱን አስወጥተው፣ አሁን ደግሞ ክንድ ሊያስደግፉበት ነው።

አፍሬ ተመለስኩ። እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ቢወስዱት ይሻላል አልኳቸው።

«ቤት ብወስደው ልጆቼ ቴሌቪዥን ነው የሚያለብሱት» አሉና ፈገግ አሉ። ፈገግታው ብዙ አልቆየም። «ስሚኝ ልጄ፤ ተራችን አንድ ጊዜ ተኝቷል። ሁለተኛ አይተኛም። በር በር የሚሆነው ሲቆም ነው። አልወስደውም።»

አሁን እዚህ ላይ እኔን ጀግና አድርጋችሁ እንዳትጠብቁኝ። በሥራ ዘመኔ በግምገማ ላይ እጄን ያወጣሁት አንድ ጊዜ ነው፤ እሱም መስኮቱ ይዘጋልኝ ለማለት። ግን እልህ የሚባል ነገር አለ፤ ካልነኩት ዕድሜ ልኩን ተኝቶ ይኖራል፣ ከነኩት ደግሞ ባለቤቱንም ያስደነግጣል። ያቺ ትከሻዬ ላይ ያረፈች መታ መታ ቀሰቀሰችው። መዝገቡን ነው የምትጠሩብኝ? እሺ፣ መዝገቡ ይፍረደን አልኩ። መዝገቡ ላይ ሠላሳ አንድ የሚል ቁጥር አለ። በመመሪያው መሠረት የተመዘገበ ሥራ ሁሉ ቁጥሩ ይለጠፍበታል። የሠላሳ አንድን ቁጥር ግን ማንም አልለጠፈውም፤ ይህ ግልጽ የመመሪያ ጥሰት ነው።

ወረቀት ቆረጥኩ። በቀይ እስክሪብቶ፣ ከሩቅ እንዲነበብ አድርጌ፣ ሠላሳ አንድ ብዬ ጻፍኩና ከጠረጴዛው ፊት በሚወርደው ጠርዝ ላይ በመርፌ ቁልፍ አያያዝኩት። ከሥሩ ሌላ ወረቀት ጨመርኩ፦ «ተራችን። የእትዬ ሸምሲያ ሥራ። ክርና ኪሮሽ፣ ሰባት ዓመት።» ከዚያ ጋሼ በየነን ጠርቼ ሠላሳ አንድ ቁጥር ጠረጴዛው ላይ መሆኑን ነገርኳቸው። ቁጥሩን አዩት፣ ጠረጴዛውን አዩት፣ ማይክሮፎኑንና ጠርሙሶቹን አዩ። እነዚህስ አሉኝ። እነሱ ቁጥር የላቸውም፣ የቆሙት ግን ሠላሳ አንድ ላይ ነው አልኳቸው። ገባኝ አሉ። ከበሩ ተነሥተው መጡና ዱላቸውን መሬት ተክለው ከጠረጴዛው አጠገብ ቆሙ።

የክብር እንግዳው አጃቢዎቻቸውን አስከትለው ገቡ። ጋለሪው ሞላ። ከማንበቢያው ክፍል ተማሪው ወጥቶ መጣ፤ ጋሼ ነስሩም እስከዚያው አብነት ድረስ ሄደው የቀሩትን ጎረቤቶች ሰብስበው ነበርና እነሱም በር በሩን ያዙ። እንግዳው የወርቅ ፍሬሙን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ወደ ጠረጴዛው መጡ፣ ወንበር ሳቡ፣ ክንዳቸውን ሊያሳርፉ ዘረጉ።

«ይቅርታ ጌታዬ፣ አይነካም» አሉ ጋሼ በየነ።

 አቶ ግዛው በጥርሳቸው መሐል የዘበኛውን ስም ጠሩ። ጋሼ በየነ ቀጥ ብለው ቆመው፣ ሪፖርት እንደሚያቀርብ ሰው፣ «ቁጥር አለው፤ ማንም ብለውኛል» አሉ። አቶ ግዛው ማይክሮፎኑን ሊያነሡ እጃቸውን ሲሰዱ ዱላዋ በጣም በትሕትና መሐል ገባች። እንግዳው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ወረቀቱን ጎንበስ ብለው አነበቡና የት ልቀመጥ ታዲያ ብለው ጠየቁ። አቶ ግዛው ኮሚቴውን ዞር ዞር ብለው አዩ። ለዚህ መመሪያ አልወጣለትማ።

ይህን ጊዜ እትዬ ሸምሲያ ሰዉን እየከፈሉ መጡ። ሥራው የእኔ ነው አሏቸው ለጋሼ በየነ። የላስቲኩን አበባ አንሥተው መሬት አኖሩት። ማይክሮፎኑን ለአቶ ግዛው አቀበሏቸው። ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ አነሡና አንዱን ከፍተው በሁለት እጃቸው ለእንግዳው ሰጡ።

«ይጠጡ ጌታዬ። በደጃችን የቆመ እንግዳ ውኃ ተከልክሎ አያውቅም።»

እንግዳው ተቀብለው ጠጡ። ምን ያድርጉ? እትዬ ሸምሲያ የዳንቴሉን አንድ ጫፍ ያዙ፤ እትዬ የሺ ሌላውን ሊይዙ እጃቸውን ሲዘረጉ ጋሼ በየነ ዞር አሉና እኚህስ ብለው ጠየቁ።

«እሷ ባለ በሯ ናት» አሉ እትዬ ሸምሲያ።

ጋሼ በየነ አሰቡ። ሲያስቡ ክፍሉ ሁሉ አብሯቸው አሰበ። በመጨረሻ ሰው የገዛ በሩን እንዳይነካ አልታዘዝኩም ብለው ዱላቸውን አነሡና ገለል አሉ።

ተነሣ። በግራ እትዬ ሸምሲያ፣ በቀኝ እትዬ የሺ፣ መሐሉን ጋሼ ነስሩ ወንበር ላይ ወጥተው ደግፈው፣ ተራው ቀጥ ብሎ ቆመ። ይህን ማንም አላቀደውም፤ ጠረጴዛው የነበረው ከመሐሉ ግድግዳ ፊት ስለሆነ ዳንቴሉ ሲነሣ ያንን ፎቅ ከነፍሬሙ ጋረደው። ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን በክሩ ቀዳዳ ሲያልፍ በሮቹ በግድግዳው ላይ ጥላ ጣሉ። የጎረቤቱ ሰው ሁሉ ቀረበ። በሩን የሚፈልግ፣ ያገኘ፣ የሞተ አባቱን በር ለልጁ የሚያሳይ፣ የእኛ ደፍ እኮ ከፍ ያለ ነበር ብሎ የሚከራከር። አንድ ሽማግሌ ከክር በተሠራ በራቸው ፊት ቆሙና በጣታቸው መገጣጠሚያ አንኳኩ። ድምፅ የለውም፤ እሳቸው ግን እስኪከፈትላቸው የሚጠብቁ ይመስል ትንሽ ቆዩ። ጋሼ በየነ አይተው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

የክብር እንግዳው ንግግራቸውን ቆመው አደረጉ። በቤተ መጻሕፍታችን ታሪክ እንደዚያ ያለ አጭር ንግግር አልተሰማም፤ ለሚቀጥሉት ዓመታት ሁሉ ወንበር ይነሣ ብዬ ሐሳብ ላቀርብ ምንም አልቀረኝም ነበር። ሲጨርሱ ወደ ዳንቴሉ ጠጋ ብለው ይህ የት ነው አሉ። እዚያ ታጥሮ ያለው ነው አሏቸው እትዬ ሸምሲያ፣ ክንዳቸውን ሳያወርዱ። እንግዳው ራሳቸውን ነቀነቁና ጠርሙሱን እንደያዙ ወጡ። የያዙት ሰዎች ክንድ ሲዝል ሌሎች እየተቀበሉ ተራው እስከ መዝጊያው ሰዓት ድረስ እንደቆመ ዋለ። ምስማር አልተመታም፣ ፍሬም አልተገዛም፤ የትኛውም መመሪያ አልተጣሰም።

በሳምንቱ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። ጥፋቴ «የክብር እንግዳ ጠረጴዛ ላይ ያለ አግባብ ቁጥር መለጠፍ» ይላል። ጋሼ በየነን ማንም አልነካቸውም፤ ትእዛዝ የፈጸመ ሰው በምን ይከሰሳል? ማስጠንቀቂያዬን ፈርሜ ተቀብዬ፣ አባዝቼ፣ ዋናውን ፍሬም አስገብቼ ሳሎኔ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። ፍሬም ካለው ይሰቀላል ተብሎ የለ? እስከ ዛሬ አልተጸጸትኩም፤ እንግዳ ሲመጣ አስነብበዋለሁ።

ዐውደ ርዕዩ ሲዘጋ ሰዓሊዎቹ እየፈረሙ ሥዕላቸውን ወሰዱ። እትዬ ሸምሲያን ይፈርሙና ይውሰዱ ብንላቸው አሻፈረኝ አሉ። አቶ ግዛው ዳንቴሉ ከግቢ ይውጣልኝ አሉ። የንብረት ክፍሉ ሰው መዝገቡን ገልጦ አሳያቸው፤ የጠረጴዛ ልብስ፣ ብዛት አንድ፣ የወጪ ፊርማ የለውም። የሥነ ጥበብ ሥራ ቢባል ለባለቤቱ ይመለስ ነበር፤ የጠረጴዛ ልብስ ተብሎ በንብረት መዝገብ ገብቶ የወጪ ፊርማ የሌለው ዕቃ ግን የቤተ መጻሕፍቱ ንብረት ነው። ይወገድ ቢባል ደግሞ ኮሚቴ ይፈልጋል፣ ሦስት ፊርማ ይፈልጋል፣ አርጅቷል የሚል ማስረጃ ይፈልጋል። አቶ ግዛው መዝገቡን እንደገና ዘጉት፤ በዚህኛው ጊዜ ግን «ታዲያ» አላሉም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለዋወጠ። አቶ ግዛው ወደ ሌላ ቦታ ተዛወሩ፣ አዲስ ደብዳቤ መጣ፣ ጋለሪው ተመልሶ የወንበር መጋዘን ሆነ። የወርቅ ፍሬሙ መስታወቱ ተሰንጥቆ ከወንበሮቹ ኋላ ገባ፤ የመጣው በስልክ ትእዛዝ ስለሆነ በመዝገብ ላይ የለም፤ በመዝገብ ላይ የሌለ ነገር ደግሞ ማንም አይፈልገውም። የጠረጴዛው ልብስ ግን በየዓመቱ ሰኔ ሠላሳ ይቆጠራል። ቆጣሪው ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው፤ የታጠፈ ልብስ አይቀበልም፣ መቀደድ አለመቀደዱን ሙሉውን ተዘርግቶ ማየት አለበት። ትልቅ ስለሆነ ተይዞ ነው የሚታየው። እትዬ ሸምሲያና እትዬ የሺ ቀኑን ያውቁታል፤ ለባብሰው፣ ጎረቤት አስከትለው ይመጡና ጫፍና ጫፉን ይዘው ያቆሙለታል። እሱም ከዳር እስከ ዳር አይቶ «ሠላሳ አንድ፣ የጠረጴዛ ልብስ?» ይላል። እኔ «አለ» እላለሁ። «አለ» ብሎ ይጽፋል፣ ማኅተም ያሳርፍበታል።

ጡረታ ስወጣ መዝገቡን ለምትተካኝ ልጅ አስረከብኳት። ጎበዝ ልጅ ናት፣ ጽሕፈቷ ከእኔ ያምራል፣ ስሕተት ካየች አታልፍም። አንድ ነገር ብቻ አደራ አልኳት፦ ሠላሳ አንድ ቁጥር ላይ ስሕተት አለ፣ እንዳታርሚው።